የቆዩ የእጅ ሰዓቶችን መጠገን መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ብዙ ቤት ውስጥ፣ ከሠርግ ፎቶግራፍና ከአሮጌ መታወቂያ ጋር በአንድ ሣጥን የተቀመጠ፣ መሄድ ያቆመ የእጅ ሰዓት ይገኛል። ባለቤቱ ያረፈ፣ ልጆቹም ለመጣል ያልጨከኑበት ሰዓት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ሰዓት ራሳቸው ከፍተው፣ አጽድተውና ዘይት ቀብተው እንደገና እንዲሄድ ለማድረግ ለሚመኙ፣ ሥራውን ለእንጀራ ሳይሆን ስለሚወዱት ብቻ ለሚማሩ ሰዎች ነው። የሚመለከተውም በእጅ የሚሞሉትንና በክንድ እንቅስቃሴ ራሳቸውን የሚሞሉትን ሰዓቶች ነው።

ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ በትርፍ ጊዜዬ ብቻ መልመድ እችላለሁ?

ይችላሉ። የሚጠይቀው ጥሩ ብርሃን፣ የተረጋጋ እጅና ከሁሉ በላይ ትዕግሥት ነው። ዛሬ ማታ ከፍቶ ዛሬ ማታ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው ግን ሌላ ሥራ ቢመርጥ ለሰዓቱም ለራሱም ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የሚገኘው በገበያ አካባቢ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ከፊታቸው አድርገው ከሚሠሩት አንጋፋ ሰዓት ሠሪዎች አጠገብ በመቀመጥ ነው። እኔ የጀመርኩት አንድ አዛውንት ዘንድ ቀርቤ፣ «ጋሼ፣ ሥራዎን እያየሁ ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?» ብዬ በመጠየቅ ነበር። «ተቀመጥ ልጄ፣ ብርሃኑን ግን አትጋርደኝ» አሉኝ። በዚያን ቀን የተማርኩት ትልቁ ነገር ካቻቪቴ አያያዝ አልነበረም፤ አንድ ሰዓት ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት ለረጅም ጊዜ ጆሯቸው ላይ አድርገው ማዳመጣቸውን፣ መሙያውን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው መሞከራቸውንና ቀፎውን በብርሃን አቅጣጫ አዙረው መመርመራቸውን ነው። ብሎን እያነሱ ባሉበት ሰዓት ጥያቄ አይጠይቋቸው፤ ሻይ ሲያዝዙ ይጠይቋቸው።

በአባቴ ሰዓት ብጀምርስ?

እባክዎ በእርሱ አይጀምሩ። እኔ ሰዓት መፍታት የጀመርኩት በአባቴ ራኬታ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ዋናው ሞላ ተሞልቶ እንደነበር ሳላስተውል ጎማዎቹን የሚያግደውን ሹካ የያዘውን ብሎን ፈታሁ። ሹካው ገና ከቦታው ንቅንቅ ሲል ታግዶ የነበረው ኃይል በሙሉ በአንድ ጊዜ ተለቀቀና ጎማዎቹ እንደ ንብ እየጮኹ ተሽከረከሩ። ድምፁ አንድ ሰከንድ እንኳ አልቆየም፤ ሲያበቃ ግን ከአንዱ ጎማ የእምብርቱ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት ቀጭን ዘንግ፣ ጫፍ ተሰብሮ ነበር። የዚያ ጫፍ ውፍረት ከፀጉር ብዙም አይበልጥም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ የማይሳሱለት ሰዓት ነው። በእጅ የሚሞላ፣ ቀን ማውጫ የሌለውና ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ቢቻል ሁለት ተመሳሳይ የሞቱ ሰዓቶችን ይግዙ፤ አንዱ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። በከተማችን ለዚህ የሚመቹት ራኬታና ቮስቶክን የመሳሰሉ የሶቪየት ሥሪቶች ናቸው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው፤ በኋላም በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደዚያው ሄደዋል። እነዚህ ሰዓቶች በየቤቱ መገኘታቸው ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ለተማሪ የሚመቹበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ክፍሎቻቸው ወፍራምና ጠንካራ፣ አሠራራቸውም ያልተወሳሰበ ነው።

የትኞቹን መሣሪያዎች ልግዛ?

ገንዘብዎን በሦስት ነገሮች ላይ ያውሉ፦ በጥሩ ካቻቪቴዎች፣ በጥሩ ወረንጦና ዓይን ላይ በሚገጠም አጉሊ መነጽር። የካቻቪቴው አፍ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በወርድም በውፍረትም መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ብሎኑን ይፍቃል፣ አንሸራቶም ሥራውን፣ ማለትም የሰዓቱን የውስጥ ክፍል፣ በሙሉ ይጭራል። ርካሽ ወረንጦ ደግሞ ጫፎቹ እኩል ስለማይገናኙ ትንሿን ብሎን አስፈንጥሮ ያጠፋታል።

የቀረው ከቤት ይገኛል። የለስላሳ ቆርኪዎች ብሎኖችን በየተራቸው ለማስቀመጥ፣ የሻይ ብርጭቆ ተደፍቶ የተከፈተውን ሥራ ከአቧራ ለመከለል፣ የተሳለ ስቴኪኒ የጎማዎቹ ጫፎች የሚዞሩባቸውን ትናንሽ ድንጋዮች ቀዳዳ ለማጽዳት ያገለግላሉ። በጉልበትዎ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ የወደቀ ብሎን በነጭ ጨርቅ ላይ ይታያል፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛው ደረትዎ ድረስ ከፍ ያለና ክርንዎን የሚያሳርፉበት ቢሆን እጅዎ አይንቀጠቀጥም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ መነሣት ሲጀምር መስኮቱን መዝጋት አይርሱ።

በሰዓቱ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?

መሙያውን ሲያዞሩ፣ በአንድ ክብ በርሜል ውስጥ የተጠቀለለው ዋና ሞላ እየተጨመቀ ይሄዳል። ሞላው ለመዘርጋት ሲታገል በርሜሉን ይገፋል፤ በርሜሉም እርስ በርስ የተያያዙ አራት ጥርሳም ጎማዎችን ያዞራል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሞላው በጥቂት ሰከንድ ተዘርግቶ ያልቅ ነበር፤ በአባቴ ሰዓት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ልጓሙ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። መልሕቅ የመሰለው ሹካ የመጨረሻውን ጎማ ጥርስ በጥርስ እያሰረ ይለቃል፤ ሹካውን ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ባላንስ የተባለው ጎማ ያዝዘዋል። ጆሯችን የሚሰማው ቲክ ቲክ ጥርሱ ከሹካው ጋር ሲጋጭ የሚወጣ ድምፅ ነው።

ባላንሱን በእኩል ጊዜ የሚያመላልሰው ከፀጉር የቀጠነ ጥቅልል ሞላ ሲሆን፣ የኔዘርላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ በ1675 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ነው። ሰዓት በሙሉ የሚታመነው በዚህ ጥቅልል ነው። ራኬታ 2609 በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታል፤ በብዙ የቆዩ የሲኮ ፋይቭ ሰዓቶች ውስጥ የሚገኙት 7009ና 7ኤስ26 የተባሉት ሥራዎች ደግሞ 21,600 ጊዜ ይመታሉ።

ፊቱ ላይ የሚጻፈው 17 ቁጥር የድንጋዮቹ ብዛት ነው። ድንጋዮቹ ሰው ሠራሽ ሩቢ ናቸው፤ የጎማዎቹ ጫፎች በእነርሱ ውስጥ ስለሚዞሩ መፋተጉ ይቀንሳል። ለጌጥ የተሰካ የከበረ ድንጋይ መስሏቸው ሰዓቱን ለድንጋዩ ብለው የሚፈታቱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ዋጋ የለውም፣ ሰዓቱን አያበላሹ።

ሰርቪስ ማድረግ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በትክክለኛው ዘይት እየቀቡ መልሶ መግጠም ማለት ነው። ሳይፈቱ ከላይ ዘይት ጠብ ማድረግ ሰርቪስ አይደለም፤ አዲሱ ዘይት ከአሮጌው ቆሻሻ ጋር ተለውሶ ድንጋይ የሚበላ ጭቃ ይሆናል። አብዛኛው ቆመ የተባለ አሮጌ ሰዓት የተሰበረ ነገር የለውም፤ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ነው። የሚለበስ ሰዓት በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ ሰርቪስ ቢደረግ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ቅደም ተከተሉን ላስረዳ። ክዳኑን ከከፈቱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የዋናውን ሞላ ኃይል ማውጣት ነው፤ መሙያውን በጣትዎ ይዘው፣ ሞላው ወደ ኋላ እንዳይፈታ የሚያግደውን ትንሽ ምላስ በስቴኪኒ ገፋ ያድርጉና መሙያው በጣቶችዎ መካከል ቀስ እያለ ወደ ኋላ እንዲዞር ይልቀቁት። ይህን ሳያደርጉ አንድም ብሎን አይንኩ። ከዚያ ቆጣሪዎቹንና ፊቱን ያነሣሉ፣ ቀጥሎ ባላንሱን፣ ቀጥሎ ሹካውን፣ በመጨረሻም ጎማዎቹንና በርሜሉን። በእያንዳንዱ እርምጃ በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ብሎኖቹ ቢመሳሰሉም ርዝመታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው ከሥር ያለውን ጎማ ያግዳል።

ሲገጥሙ ድልድዩን፣ ማለትም የጎማዎቹን የላይ ጫፎች የሚይዘውን ሳህን፣ በጣት ጨፍልቆ ብሎን ማጥበቅ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው። የጎማዎቹ ጫፎች ሁሉ ቀዳዳቸው ውስጥ መግባታቸውን ሳያረጋግጡ ፈጽሞ አያጥብቁ። ድልድዩን በስቴኪኒ በቀስታ ይዘው የመጀመሪያውን ጎማ በወረንጦ ጫፍ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉ ሁሉም ጎማዎች ተከታትለው በነፃነት ከዞሩ፣ ያኔ ያጥብቁ። ይህን ለማግኘት አንድ ሰዓት ሙሉ ሊፈጅብዎ ይችላል፤ ይፍጅብዎ።

የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ብጠቀምስ?

አይሆንም። የስፌት መኪና ዘይት በቦታው አይቆይም፤ ተስፋፍቶ ወደ ቀጭኑ ጥቅልል ሞላ ይደርስና ጥምዞቹን እርስ በርስ ያጣብቃል። የኑግም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት ደግሞ በጥቂት ወራት ሙጫ ይሆናል። ሞቢየስ 9010ን የመሰለ ለሰዓት የተዘጋጀ ስስ ዘይት በጣም ትንሽ ጠርሙስ ቢሆንም ለዓመታት ያገለግላል። ባሕር ዳር ላይ ካላገኙ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ይላኩ።

የቦታው ነገር ከዓይነቱ እኩል ነው። ዘይት የሚቀባው የጎማዎቹ ጫፎች በድንጋይ ውስጥ በሚዞሩበት ቦታ፣ እጅግ በትንሹ ነው። የጎማ ጥርስ ዘይት አይቀባም፤ የሹካው እምብርትም አይቀባም። ባላንሱ ከእምብርቱ ጫፎች በቀር፣ ጥቅልሉም ፈጽሞ ደረቅ ይሆናሉ። ጀማሪ ከሚያሳንሰው ይልቅ የሚያበዛው ሰዓት ነው ተመልሶ የሚመጣው።

በቤንዚን ማጠብ ይቻላል?

ለላይተር የሚሸጠው የተጣራ ቤንዚን ጥሩ ነው፤ የመኪናው ቤንዚን ግን ቅሪት ይተዋል፣ ጭሱም ለጤና ጎጂ ነው። በአልኮል የሚያጥቡ ከሆነ ሹካውን ነክረው አይተዉት፤ ድንጋዮቹ የተያያዙበትን ሙጫ አልኮል ያሟሟዋል። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በተቀጣጠለበት ወይም ሻማ በበራበት ክፍል ቤንዚን አይክፈቱ። መብራት በጠፋ ማታ ሥራውን ለነገ ያቆዩት።

ሲኮ ፋይቭዬን ብሞላው አይሞላም። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። 7009ም ሆነ 7ኤስ26 በመሙያው እንዲሞሉ አልተሠሩም። ቀጥ አድርገው ይያዙትና ለግማሽ ደቂቃ ያህል በቀስታ ያወዛውዙት፤ ከዚያ ክንድዎ ላይ ይሰሩት። እንዲህ ተደርጎም ከቆመ ሰርቪስ ይፈልጋል።

ሰዓቴን በእኛ አቆጣጠር ስሞላው ቀኑ በማይገባው ሰዓት ይቀየራል። ለምን?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ፋብሪካው ያላሰበውን ነገር የሚመለከት ነውና። ቀን ማውጫው የሚያውቀው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሁለት ጊዜ እንደሚያልፉና በአንደኛው ላይ ቀኑን መቀየር እንዳለበት ብቻ ነው። ለፈረንጁ ያ ጊዜ እኩለ ሌሊት ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ለሚሞላ ሰው ግን ቆጣሪዎቹ 12 ላይ የሚደርሱት ንጋትና ምሽት ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑ እስኪቀየር ድረስ ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት ያዙሩ፤ የተቀየረበትን 12 የጠዋቱ 12 አድርገው ይቁጠሩና ከዚያ ተነሥተው ሰዓቱን ያስተካክሉ። ቀኑ ጎህ ሲቀድ ይቀየርልዎታል፤ እንደ አገራችን የሰዓት አቆጣጠርም ቀን የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ጥንቃቄው እንዲህ ነው። ቆጣሪዎቹ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባሉበት ጊዜ ቀኑን በመሙያው አይግፉ፤ በዚያ ሰዓት የሚቀይረው ጥርስ ሥራ ላይ ስለሚሆን ይሰበራል። ከቀትር በኋላ ይግፉት።

በኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ለመጠቀም የሚሻ ሰው ደግሞ ሰሌዳው 31 ድረስ እንደሚቆጥር ያስታውስ። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ መባቻ አንድ ጊዜ መግፋት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 5 ባለቀ ማግሥት፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ሰሌዳው 6 ያሳያል፤ ወደ 1 ለመመለስ 26 ጊዜ መግፋት ነው። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 25 ጊዜ ይበቃል።

ሰዓቴ ጣና ውስጥ ገባ። ምን ላድርግ?

ያኑ ዕለት ይከፈት። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ ሩዝ ውስጥ መቅበር ውሃውን ከጎማዎቹ ሥር አያወጣውም፤ ብረቱ ግን በአንድ ሌሊት መዛግ ይጀምራል። የጣና ውሃ ጨው የሌለው መሆኑ ጥቂት ፋታ ይሰጣል እንጂ አያድንም። ራስዎ መፍታት ካልቻሉ ክዳኑን ብቻ ከፍተው፣ ሥራውን ሳይነኩ፣ ወዲያውኑ ወደ ሰዓት ሠሪ ይውሰዱት።

ክዳኑ ላይ ውሃ አያስገባም የሚል ጽሑፍ ቢኖርም አሮጌ ሰዓት አይመኑ። ውሃ የሚከላከለው ላስቲክ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። በክረምት ወራት ከመስታወቱ ሥር ጉም ከታየ እርጥበት ገብቷል ማለት ነውና መጀመሪያ የሚዝገው የመሙያው ዘንግ ነው፤ ሳይቆይ ይታይ። በጀልባ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የአባታቸውን ሰዓት ቤት ትተው እንዲሄዱ ሁልጊዜ እመክራለሁ።

በጨለማ የሚያበሩ ቁጥሮችን ልፋቃቸው?

አይንኳቸው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ የሚያበራው ቀለም ራዲየም የተባለ ጎጂ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ነበረበት። ማብራቱን ማቆሙ ደኅና መሆኑን አያሳይም፤ የደከመው አብሮት ያለው አንጸባራቂ ነገር ሲሆን፣ ራዲየሙ ግን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የሚያሰጋው ብናኙን መተንፈስ ወይም መዋጥ ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ የሚፈረፈር ቀለም ያለበት ሰዓት ካጋጠመዎ ክዳኑን ዘግተው ይተዉት፤ ከልጆችም ያርቁት።

የተቧጨረ መስታወትስ?

ፕላስቲክ ከሆነ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ደጋግመው ቢያሹት ይጠራል። እውነተኛ መስታወት ከሆነ አይሠራም፤ ይቀየር።

በቀን ምን ያህል ቢስት ደኅና ነው ይባላል?

ሰርቪስ የተደረገ አሮጌ ሰዓት በቀን እስከ 30 ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ እኔ ደኅና ነው እላለሁ። ቀን 86,400 ሰከንድ መሆኑን ስናስብ፣ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ማሽን ይህ የሚያስደንቅ ነው። ሰዓቱን በማይክሮፎን እያዳመጠ የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ስላለ በእርሱ መከታተል ይችላሉ።

በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ግን ማስተካከያውን ከመንካትዎ በፊት ማግኔትን ይጠርጥሩ። በድምፅ ማጉያ ወይም ማግኔት ባለው የስልክ ሽፋን አጠገብ ያደረ ሰዓት የጥቅልሉ ጥምዞች ይጣበቃሉ፤ ያጠረ ሞላም ፈጥኖ ይመታል። ኮምፓስ ሲያስጠጉበት መርፌው ከዞረ ምክንያቱ ተገኘ፤ ማግኔት ማጥፊያ ያለው ሰዓት ሠሪ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

የሠራሁትን ሰዓት ለባለቤቱ ስመልስ ምን ላድርግ?

የቀየሩትን አሮጌ ክፍል በወረቀት ጠቅልለው ከሰዓቱ ጋር ይስጡ። ፊቱን አዲስ ለማስመሰል ቀለም አይቀቡ፤ የደበዘዘው ፊት በባለቤቱ ክንድ ላይ የነበረበትን ዘመን ይዟል። ከአቅምዎ በላይ የሆነውንም «አልችለውም» ብሎ እንደነበረ መመለስ ከማበላሸት ይሻላል።

የድሮ ሰዓት ሠሪዎች ሰርቪስ ያደረጉበትን ወርና ዓመት በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በመርፌ ጫፍ ይጭሩ ነበር። ከአባቴ ራኬታ ክዳን ውስጥ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ ሦስት እንዲህ ያሉ ጽሑፎች አሉ፤ ሁለቱ በአንድ እጅ፣ ሦስተኛው በሌላ እጅ የተጻፉ ናቸው። እኔ ክዳን አልጭርም፤ ቀኑን፣ ያገኘሁትን ጉድለትና የተጠቀምኩትን ዘይት በደብተር እጽፋለሁ፣ ቅጂውንም ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ራኬታው የተሰበረውን ጎማ የሚተካ ከአንድ የሞተ ሰዓት አግኝቼለታለሁ። ገና አልገጠምኩትም።